ሚያታን ማጠንከር፦ ከሻንሲው እስከ አላይመንቱ

አሮጌ ማዝዳ ሚያታ (የጨርቅ ጣሪያ ያላት ትንሽ ስፖርት መኪና) የገዛ ሰው ቶሎ የሚያዘው ዕቃ ይታወቃል። ኮፈን ስር ከአንዱ አሞርዛተር አናት ወደ ሌላው የሚዘረጋው አንጸባራቂ ዘንግ ነው። ያምራል። ለመግጠምም ጊዜ አይፈጅም። በዚህች መኪና ላይ ግን ከሁሉም ያነሰ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ። ለአሁኑ አንድ ነገር ያዙልኝ። ጎሚኒው (መገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለው ጎማ) አልቆ፣ አሞርዛተሩ ሞቶ እያለ የሚጨመር ብረት ሁሉ የባከነ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ያለቀው ይታደሳል፤ ማጠንከሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የማወራው ስለ መጀመሪያዋ ሚያታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ የቀረበችው፣ እስከ 1997 የተሠራችው፣ የፊት መብራቷ ብቅ ጥልቅ የሚለው። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ላይ ከላይና ከታች ድርብ አርም፣ ማለትም ጎማውን የሚይዝና የሚመራ ክንድ፣ አላት። ካምቢዮዋና ዲፈረንሻሏ በአንድ ረጅም የአሉሚኒየም ድልድይ የተያያዙ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ለሌላ ስፖርት መኪናም ይሠራል። የጎሚኒው ክፍል ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ኮሮላ ለሚነዳም ይጠቅማል።

ለምን ትጠማዘዛለች?

የጫማ ካርቶን ክዳኑን አንስታችሁ በሁለት እጃችሁ ጠምዝዙት። ክዳኑን መልሳችሁ ሞክሩት። ልዩነቱ ይገባችኋል። ሚያታ ክዳን የላትም። የጨርቅ ጣሪያዋ ዝናብ ይከላከላል እንጂ ሸክም አይሸከምም። ጥንካሬዋ በሙሉ ያለው ወለሉ፣ መሐል ላይ የሚያልፈው መተላለፊያ፣ እና ከበሮቹ ስር ያሉት ሁለት የብረት ሳጥኖች ላይ ነው።

ቀዳዳ የበዛበት መንገድ ላይ የውስጥ መስተዋቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ዳሽቦርዱ ሲጥ ሲጥ ካለ፣ መሪው ቀጥ ባለ መንገድ እጃችሁ ላይ ከተርገበገበ፣ አካሉ እየተጠማዘዘ ነው ማለት ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አካሉ ራሱ እንደ ሞላ ሲለጠጥ አሞርዛተሩ ሥራውን በቅጡ መሥራት አይችልም። ሞላውን ባጠነከራችሁ ቁጥር ደግሞ ወደ አካሉ የሚሄደው ጉልበት ይጨምራል። አንዱን ስታጠነክሩ ሌላው ድካሙን ያወጣል። ስለዚህ ነው ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ የምታውቁትን ጎርባጣ መንገድ ምረጡ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ንዱ። አምስት ነገር ባንድ ቀን ቀይራችሁ የቱ እንደሠራ ማወቅ አትችሉም።

የጎማ ንፋስም እዩ። ፋብሪካው ለዋናው 185/60 የ14 ጎማ ያዘዘው 26 ፒኤስአይ ነው። ብዙ ጎማ ቤት ሳይጠይቅ 32 ወይም 35 ይሞላል። ይህን በምታህል ቀላል መኪና ላይ ያ ብቻውን እንደ ድንጋይ ያደርቃታል። ንፋሱን አስተካክለው «ሞላው ጥሩ ነው ለካ!» ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። የጎማውን ዕድሜም ተመልከቱ። ጎኑ ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የደረቀ ጎማ ካለ ከሁሉም በፊት እሱ ይቀየር።

1. ዝገቱን ፈልጉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። በጣም የምለምናችሁ ግን እዚህ ላይ ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ በረዶ ሲመጣ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫል። ጨው ከስር ይበላል። ሚያታ ደግሞ ከውስጥም የምትበላበት መንገድ አላት። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ፣ የደህንነት ቀበቶው ከተያዘበት ማማ አጠገብ ባሉ ሁለት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው መውጫ ያጣና ከበሩ ስር ያለው ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለው የሳጥኑ ጫፍ ቀለሙ አረፋ ካወጣ፣ ውስጡ ከዚያ የባሰ ነው።

ቀዳዳዎቹን በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ጥረጉ። ሽቦ አትጠቀሙ፤ ቱቦውን ይቀዳል። ቀስ አድርጋችሁ ውኃ አፍስሱና ከመኪናው ስር ሲወጣ ተመልከቱ። ካልወጣ ሥራው አላለቀም።

ከዚያ ተኙና ሳጥኑን በካቻቪቴ እጀታ ኳ ኳ እያደረጋችሁ ምቱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ድብ ድብ ይላል። እንደዚህ ያለ ቦታ ካለ ብየዳ ቤት ይሂድ። የበሰበሰ ሳጥን ላይ ማጠንከሪያ ማሰር በሽታውን መሸፈን ነው።

2. አነሳሷን እወቁ

የፊቱ የክሪክ ቦታ ከሞተሩ ስር ያለው ወፍራም የብረት ተሻጋሪ መሐሉ ነው። የኋላው ዲፈረንሻሉ ነው። ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን የሚያገናኘው የአሉሚኒየም ድልድይ ላይ ክሪክ አይቀመጥም፤ ይጎዳል። ወለሉ ስር በርዝመት የሚሄዱት ሁለት የቆርቆሮ ቦዮች ላይም አይቀመጥም። በየጋራዡ ተጨፍልቀው የምታዩዋቸው እነሱ ናቸው።

ስታንዶቹን በበሩ ስር ጠርዝ ላይ፣ ከፊት ጎማው ኋላና ከኋላ ጎማው ፊት ባሉት በተጠናከሩት ቦታዎች አድርጉ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። መኪናዋን በእጃችሁ ገፋ አድርጋችሁ ካልተነቃነቀች ብቻ ግቡ።

3. ጎሚኒ

አርሞቹ ከሻንሲው ጋር የሚገናኙት በጎሚኒ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎሚኒ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ወደ አንድ ጎን ያብጣል። በቀጭን ሌቫ ገፋ ስታደርጉት አርሙ እንደ ልቡ ይሄዳል። ያን ጊዜ አላይመንት (የጎማዎቹን አንግል ማስተካከል) ብታሠሩም በመጀመሪያው ኩርባ ይፈርሳል።

ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል አዲስ የጎማ ጎሚኒ ነው። ለየቀኑ ለሚነዳ መኪና እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ጸጥ ያለ ነው፣ ዕድሜም አለው። ሁለተኛው ፖሊዩሬታን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ይጠነክራል፣ ለመግጠም ይቀላል፤ ግራሶው ሲደርቅ ግን ይጮኻል። ሦስተኛው ብረት ለብረት የሚገጥመው የውድድር ዓይነት ነው። ሰርኪት ለማይገባ ሰው አያስፈልግም።

ትልቁ ትግል አዲሱን መግጠም ሳይሆን አሮጌውን ማውጣት ነው። የታችኞቹ አርሞች የውስጥ ብሎኖች ተራ ብሎኖች አይደሉም። ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ከመሐል የወጣ ክብ ሲዞር የጎማውን አንግል ይቀይራል። እነዚህ ከጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ጋር ዝገው ይጣበቃሉ። ከመንካታችሁ በፊት ክቡ የቆመበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ሲነጋ ድገሙት። ዳዶውን ፈትታችሁ ብሎኑ እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድቡት፤ ጥርሱ ይበላሻል። አሮጌውን ዳዶ ጫፉ ላይ መልሳችሁ በእሱ ላይ ምቱ። ያም ካልሆነ ብሎኑን ቆርጦ አዲስ መግዛት ነው። አዲሱን ስትመልሱ እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን ቅባት ቀቡት።

አሁን ደግሞ ጋራዦች ሳይቀሩ የሚስቱት ነገር። የጎማ ጎሚኒ ሲገጠም ብሎኑ ለጊዜው በእጅ ብቻ ይያዝ። መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ ክብደቷ አርሞቹ ላይ አርፎ ነው። የጎሚኒው ጎማ ከብረት ቱቦው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይሽከረከርም፤ ይጠመዘዛል እንጂ። አርሙ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ መኪናዋ ስትወርድ ጎሚኒው ቀኑን ሙሉ ተጠምዝዞ ይውላል። ቶሎ ይቀደዳል። ከፍታዋንም ያዛባል። ፖሊዩሬታን በቱቦው ላይ ስለሚሽከረከር ይህ ችግር የለበትም።

አርሙ ወጥቶ እያለ ቦል ጆይንቱንም (አርሙን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘውን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) በእጃችሁ ወዝውዙት። የላላ ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ በላላ ቦል ጆይንት የየዓመቱን የመኪና ምርመራ አታልፉም።

4. አሞርዛተርና ሞላ

መኪናዋን የሚለውጣት ይህ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለአሞርዛተር አውሉት።

ቢልስታይን የሚባለው የአሞርዛተር ብራንድ ጠንካራና አስተማማኝ ነው፤ ማስተካከያ ግን የለውም። ኮኒ የሚባለው ብራንድ ቢጫው አሞርዛተር አናቱ ላይ ሲዞር ወደ ላይ የሚመለስበትን ፍጥነት ይቀይራል፤ ሞላ ወደፊት ለመቀየር ላሰበ ሰው ይመቻል። ርካሹን ከነሞላው በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን ግን ተዉት። ዝቅ ያደርጋል እንጂ አያስተካክልም።

ዝቅታን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። የዚህች መኪና አሞርዛተር ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት ከፋብሪካውም ጀምሮ አጭር ነው። ዘንጉ ላይ ባምፕ ስቶፕ የሚባል ማረፊያ ጎማ አለ። መኪናዋ ብዙ ዝቅ ካለች ትንሽ ጉድጓድ ላይ ሁሉ እሱ ላይ ትቀመጣለች። ያኔ ሞላም አሞርዛተርም የላችሁም፤ ኩርባ መሐል ላይ ጎማው በድንገት ይለቃል። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ስትለኩ ከ320 እስከ 330 ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር። ኋላው ከፊቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ይመረጣል። ስትለኩ ነዳጁ ግማሽ ይሁን።

እግረ መንገዳችሁን ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። ከ1999 ጀምሮ የመጣችው የሁለተኛዋ ሚያታ የአሞርዛተር አናት ማቀፊያ ለመጀመሪያዋም እንዲገጥም ይደረጋል፤ ለዘንጉም ተጨማሪ ርቀት ይሰጠዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት ለዚህ ነው። ባምፕ ስቶፑንም አዲስ አድርጉት። አሮጌው ስትነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ እጃችሁ ላይ ይፈረፈራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱንም የፊት ጎማ አንሱ። የስታቢላይዘሩን (ኩርባ ላይ እንዳትጋደል ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ዘንግ) ሊንክ፣ ማለትም ማያያዣውን፣ በሁለቱም ጎን ፍቱ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከፈታችሁ የቀረው ጎን አርሙን ይይዝባችኋል። የአሞርዛተሩን የታች ብሎን አውጡ። ኮፈኑን ከፍታችሁ አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ፍቱ። ቦታ ካነሰ የላይኛውን አርም ረጅም ብሎን መሳብ ያስፈልጋል። የጎማው መያዣ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰሩት። የተወጠረ የፍሬን ቱቦ ከውስጥ ሲቀደድ ከውጭ አይታይም።

የኋላው አናት የሚገኘው ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከምንጣፉ ስር ነው። ባትሪውም እዚያው በስተቀኝ ተቀምጧል። መፍቻችሁ በአንድ በኩል ፖዘቲቩን፣ በሌላ በኩል አካሉን ከነካ ብልጭታው አያድርስ ነው። የኔጋቲቩን ገመድ መጀመሪያ አንሱት።

ሞላውን ከአሞርዛተሩ መለየት የሥራው አደገኛ ክፍል ነው። ሞላው ታምቆ ነው የተቀመጠው። በሁለት መጭመቂያ፣ ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እየዞራችሁ ጭመቁት። ሞላው መቀመጫው ላይ ላላ ሲል ብቻ የአናቱን ዳዶ ፍቱ። ፊታችሁ ከአናቱ አቅጣጫ ይራቅ። መሣሪያው ከሌላችሁ አሞርዛተሩን እንዳለ ጋራዥ ውሰዱት፤ ለጥቂት ብር ይሠሩላችኋል። አዲሱን ስትገጥሙ ዘንጉ እንዳይሽከረከር በመፍቻ ያዙት እንጂ በንፋስ መፍቻ አታንጫጩት። ውስጡ ያለውን ማኅተም ይጎዳል።

5. የማጠንከሪያ ብረቶች

ማዝዳ ራሱ መልሱን ሰጥቷል። በ1994 የ1.8 ሊትር ሞተር ሲመጣ አካሉ ተጠናክሮ ወጣ። ከወንበሮቹ ኋላ ሁለቱን የቀበቶ ማማዎች የሚያገናኝ ዘንግ ገባ። የፊትና የኋላ ንዑስ ሻንሲውም (አርሞቹ የሚታሰሩበት፣ ከስር ያለው ክፈፍ) ላይ ብረት ተጨመረ። መኪናችሁ ከ1993 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነች፣ እነዚህን ከተጋጨች የ1994 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራች ሚያታ ላይ መፈለግ ርካሹ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውና በጣም የሚሰማችሁ የወለሉ ማጠንከሪያ ነው። ቅድም የጠቀስኳቸው ሁለት የቆርቆሮ ቦዮች ቀጭን ናቸው። ማጠንከሪያው ከእነሱ ወፍራም የሆነ ቦይ ሆኖ ከስር ያለብሳቸዋል፤ በብሎንም ይያያዛል። የተጨፈለቀ ቦይ ካለ መጀመሪያ በመዶሻና በእንጨት ቀጥ አድርጉት፤ አለበለዚያ አዲሱ አይቀመጥም።

እዚህ ላይ መቸኮል የለም። ወንበሮቹን አውጡ፤ ምንጣፉን አንሱ። ከላይ ሽቦ፣ ከስር የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ። ማጠንከሪያውን ከስር በክሪክና በእንጨት አስጠግታችሁ የቀዳዳዎቹን ቦታ ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ፣ ከዚያ በልኩ ብሱ። ባዶ የቀረውን የቀዳዳ ጠርዝ ሁሉ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ። ይህን የዘለለ ሰው በራሱ እጅ ዝገት ይዘራል።

ብሎኖቹ የመጨረሻውን ጥብቀት ሲያገኙ መኪናዋ በጎማዋ ላይ ትቁም፤ መወጣጫ ላይ ወይም በጎማዋ በምትቆምበት ሊፍት ላይ። በስታንድ ላይ ሳለች አካሉ ትንሽ ተለጥጦ ነው ያለው። ያን ጊዜ ብታጠብቁት ያን መለጠጥ አሰራችሁት ማለት ነው።

ለውጡን በዓይን ማየት ትችላላችሁ። ከሥራው በፊት መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች በበሩ የኋላ ጠርዝና በአካሉ መሐል ያለውን ክፍተት ከላይና ከታች ለኩ። አንዱን የፊት ጥግ በክሪክ አንስታችሁ ድገሙት። ቁጥሩን ጻፉ። ከገጠማችሁ በኋላ ያንኑ አድርጉና አወዳድሩ።

የግልበጣ መከላከያ ቅስት የሚገጥሙም አሉ። ዋና ሥራው ሕይወት ማትረፍ ነው፤ የኋላውንም ጥቂት ያስራል። ጭንቅላታችሁ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ሁሉ ለዚሁ የተሠራ ጠንካራ ስፖንጅ ይልበስ። ያለ ሄልሜት የሚነዳ ሰው ጭንቅላት ለባዶ ብረት አይቀርብም።

ያ የሚያብረቀርቀው የአሞርዛተር አናት ዘንግስ? አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን የሚመራበት መኪና ላይ አናቱ ትልቅ የጎን ጉልበት ይሸከማል፤ ዘንጉም ይሠራል። ሚያታ ላይ ጎማውን የሚመሩት አርሞቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ የታሰሩት ንዑስ ሻንሲው ላይ ነው። አናቱ የሚቀበለው የሞላውንና የአሞርዛተሩን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንጉን መጨረሻ ላይ፣ ገንዘብ ከተረፈ።

6. ስታቢላይዘር

የፊቱን ብቻ ወፍራም አድርጉ። የኋላው የፋብሪካው ይቆይ። የኋላው ሲወፍር የውስጠኛው ጎማ ኩርባ ላይ ይቀላል። ተራ ዲፈረንሻል ያላት መኪና ጉልበቷን በዚያ ጎማ ታባክናለች፤ ዝናብ ላይ ደግሞ ጭራዋ ትወጣለች። በጣም ወፍራም ዘንግ ከመረጣችሁ የመያዣውንም ማጠናከሪያ አብራችሁ ግዙ። ቀጭኑ የፋብሪካ መያዣ ሊቀደድ ይችላል። ሊንኩ የሚስተካከል ከሆነ ሾፌሩ ተቀምጦ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ብሎኑ በእጅ እስኪገባ ድረስ ርዝመቱን አስተካክሉ።

7. አላይመንት

አዲስ ሞላ ጥቂት ቀን ተነድቶ ይረጋ። ከዚያ አራቱንም ጎማ የሚሠራ ቤት ሂዱ። «በፋብሪካው ልክ ሥሩልኝ» አትበሉ። ቁጥር ጽፋችሁ ስጡ። ካምበር ማለት ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ማጋደሉ ነው፤ ነጌቲቭ ሲሆን አናቱ ወደ ውስጥ ያጋድላል። ካስተር የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማጋደሉ፣ ቶው ደግሞ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየቱ ነው። ለመንገድ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ ፊት ካምበር ነጌቲቭ 1 ዲግሪ፣ ካስተር 5 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ግራና ቀኙ እኩል፣ ቶው ዜሮ። ኋላ ካምበር ነጌቲቭ 1.5 ዲግሪ፣ ቶው በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ከቁጥሩ ይበልጣል። ሲለካ የእናንተን ክብደት የሚያህል ነገር ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ይህን ስትጠይቁ ፊቱን የሚያኮሳትር ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ። የሌሎቹን ብሎኖች ልክ ከዓመተ ምሕረቱ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ከስር ግቡ። የነካችሁትን ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሹ። ያጠበቃችሁት ላይ በቀለም መስመር አስምሩ፤ በሚቀጥለው ፍተሻ መስመሩ ከተሰበረ የትኛው እንደላላ በዓይናችሁ ታያላችሁ።